ስም ከተቀረጸ በኋላ

የሱንግጎክ መንደር ባሎች በአንድ ሰው ይቀኑ ነበር፤ በታክ ዮንግሱል። ታክ የጂንግ ሠሪ ነው። አንድ ዙር ሥራ በጨረሰ ቁጥር ሚስቱ ቦንግሱን ፎጣና ሳሙናውን በሰማያዊ የፕላስቲክ ቅርጫት አሰናድታ፣ «ወገብዎ ሳይደርቅ ይሂዱና ፍልውሃ ይግቡ» ብላ አውቶቡስ ላይ ታሳፍረዋለች። ሌሎቹ ባሎች ከሚስቶቻቸው የሚሰሙት ምክር «ጫማህን አውልቀህ ግባ» የሚል ብቻ ስለነበር፣ እሱን ሲያዩ ዕድላቸው ያንገበግባቸዋል። ታክም ቅርጫቱን እንደ ሹመት አንጠልጥሎ ይሄድና ሦስት ሰዓት ሙሉ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይመለሳል። እንዲህ ሲል ስድስት ዓመት ኖረ።

ጂንግ ማለት እንደ ሰፌድ የሰፋ፣ ጠርዙ የታጠፈ የነሐስ ደወል ነው፤ በገመድ አንጠልጥለው፣ ጫፉ ላይ ጨርቅ በተጠመጠመበት ዱላ ይመቱታል። ነሐሱን አቅልጦና በእሳት አግሎ ቀጥቅጦ ቅርጽ ማስያዝ የጉልበት ሥራ ነው። ቅርጹን የያዘ ጂንግ ግን ገና ዲዳ ነው። መምህሩ ብቻውን ይቀመጥና በቀዘቀዘው ነሐስ ላይ በትንሽ መዶሻ እዚህ አንዴ፣ እዚያ አንዴ እየነካ፣ እየመታ እያዳመጠ ድምፁን ያወጣለታል። ይህን «ልቅሶ መያዝ» ይሉታል። የሱንግጎክ ጂንግ ልቅሶው ይረዝማል፣ ይረዝማል፣ ሊሞት ሲል ደግሞ ጭራው ቀና ይላል። ከተራራው ማዶ ያሉት ቀጥ ብሎ የሚያልቅ ድምፅ ይወዳሉ፤ በሱንግጎክ ግን ጭራው ቀና የማይል ጂንግ የድስት ክዳን ነው።

ልቅሶው ከተያዘ በኋላ መምህሩ በጠርዙ ውስጠኛ ጎን ስሙን በመሮ ይቀርጻል። ከዚያ በኋላ መዶሻ አይነካውም። ሕጉ ይህ ነው፤ የጻፈውም ሆነ የሻረው የለም። ስም በተቀረጸበት ጂንግ ላይ መዶሻ ማሳረፍ የሌላ ሰው ልጅ ነጥቆ እንደ መግረፍ ነው። መምህሩ ራሱ እንኳ ድምፁን ልስማ ብሎ መልሶ አይመታውም። ለተማሪው ያስረክባል፤ ተማሪው ገመድ አስሮ፣ ወልውሎ ለገዢ ይሰጣል።

ታክ ለዚህ ሙያ የተሰጠው በአሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ አባቱ ከማዕዱ አንድ አፍ ለመቀነስ ብሎ። መጀመሪያ ወናፍ ነፋ። ከዚያ መዶሻ ያዘ። በአንድ የጋለ ነሐስ ዙሪያ ስድስት ሰው ቆሞ በየተራው ሲቀጠቅጥ፣ ተራውን ለቅጽበት የሳተ የጎረቤቱን እጅ ይሰብራል፤ ታክ አንድ ቀን እንኳ ስቶ አያውቅም። ጆሮ መሸፈን የሚባል ነገር አልነበረም። የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ ኖሮ «ሙሽራ ነህ እንዴ?» ይባል ነበር። በሠላሳ ሦስት ዓመቱ መምህሩ «ስምህን ቅረጽ» አለው። ታክ ያኔ አጥርቶ የሚጽፈው ሦስት ፊደል ብቻ ነበር፤ የስሙን። ነሐስ ላይ ቀረጻቸውና አለቀሰ።

ሚስት አገባ፣ ሄሪም የምትባል ሴት ልጅ ወለደ፣ መምህሩ ሲሞት ሥራ ቤቱ፣ እሳቱና መዶሻው፣ ለእሱ ቀረ። ዛሬ ሃያ አራት ዓመት ይሆናል፣ ፒዮ ቻንግሆ የሚባል ግራኝ ወጣት ሙያ ሊማር መጣ። ታክ መጀመሪያ «ግራኝ መዶሻ ሲይዝ ሳየው ዓይኔን ያሳክከኛል» ብሎ ሊመልሰው ነበር፤ ቦንግሱን ነች ያስቀረችው። ልጁ አደገ፣ አገባ፣ ጎረቤት ቤት ሠራ። ታክ ወንድ ልጅ አልነበረውምና፣ ሰው ፊት ባይናገረውም፣ ልቡ ውስጥ ቻንግሆን አስቀምጦት ነበር።

ጆሮ እንደ ጥርስ አይደለም፤ ሲሄድ አያሳምም። ታክ መጀመሪያ ያጣው ወፎቹን ነው፤ እነሱ ተሰደዱ ብሎ አሰበ። ከዚያ ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። ቴሌቪዥኑ አረጀ። የስልኩ ጥሪ ደከመ። ዓለም በሙሉ ስትደክም እሱ ብቻ ደህና ነበር።

ልጁ ሄሪም ከዴጉ ከተማ ለበዓል መጥታ ጮኻ ስታወራው ውላ፣ በማግስቱ እያባበለች መስሚያ ወደሚሸጡበት ሱቅ ወሰደችው። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍተው ድምፅ ሲሰማ ቁልፍ እንዲጫን ነገሩት። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሰነፍ ቢጤ ነበረና ድምፆቹን በእኩል ጊዜ ይለቃል። ዕድሜውን በስድስት መዶሻ መሃል ተራ ሲጠብቅ ለኖረ ሰው ይህች ምን አላት? በሦስተኛው ላይ ልኩን ያዘ። ከዚያ ወዲያ ሰማም አልሰማም፣ ተራው ሲደርስ ይጫናል። «የሠላሳ ዓመት ወጣት ጆሮ ነው» የሚል ወረቀት ተሰጠውና አምጥቶ ሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ቻንግሆ ወረቀቱን ባየ ቁጥር ዓይኑን ያሸሽ ነበር፤ ታክ ቅናት መሰለው።

ሄሪም ግን የአባቷ ልጅ ናትና አልተወችውም። ባለፈው መኸር ጂንጁ ከተማ ወደሚገኝ የጆሮ ክሊኒክ ወሰደችው። ተራ መጠበቂያው ውስጥ የሁለት ሳምንት ሕፃን እናቱ ደረት ላይ ተኝቶ ነበር፤ ዛሬ የተወለደ ሁሉ ገና «እማ» ሳይል ጆሮው ይመረመራል። ታክ «ይህ ደግሞ ቁልፉን በምኑ ሊጫን ነው?» ብሎ ሄሪምን አሳቃት። እሱን የተቀበለችው ጉክ ናሪ የምትባል ቀጭን ባለሙያ ነች። ድምፅ ወደማያስገባ ክፍል አስገባችው፤ እሱም የለመደውን አደረገ። ወጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች፤ አፏን እንዲያይ ቀስ ብላ ተናገረች።

«አባቴ፣ የመጨረሻዎቹን አምስት ጊዜ ሲጫኑ እኔ ምንም ድምፅ አልለቀቅኩም።»

«መልቀቂያሽ ደርሶ ነበር» አላት ታክ። «አንቺ ነሽ የዘገየሽው።»

ናሪ አልተቆጣችም። ግንባሩና ጆሮው ሥር ሽቦ ያለው ልጥፍ ለጠፈችበት፤ አልጋ ላይ አስተኛችውና እንቅልፍ ቢወስደውም ግድ እንደሌለው ነገረችው። መሣሪያው ወደ ጆሮው ትንንሽ ድምፅ ይልካል፤ አንጎሉ ሰምቶ እንደሆነ ኮምፒውተሩ ያነብበዋል። ባለቤቱ አይጠየቅም። ሲነቃ ወረቀቱ ላይ ያለው መስመር ከመሃል ጀምሮ ገደል ገብቶ ነበር። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ፀጉሮች ስልሳ ዓመት ሲቀጠቀጡ ረግፈዋል፤ መልሶ የሚያበቅላቸው መድኃኒት እየተፈለገ ነው እንጂ ገና እጅ አልገባም። የቀሩትን ግን መርዳት ይቻላል አለችው። ወቀሳም ቁጣም አልተሰማው፤ አንድ ሰው አይቶ የነገረው ያን ቀን ብቻ ነበር።

እቤት ሲነግራቸው ቦንግሱን እጇ ላይ የነበረውን የገብስ ሻይ ደፋችው። በዚህ ዕድሜ ደግሞ ጆሮ ላይ ሽቦ ምን ሊሆን ነው አለች፤ ሰው ደንቆሮ ነው ይልዎታል አለች። ቻንግሆም ለገበያው ጥሩ አይደለም ብሎ አገዛት፤ መስሚያ ካጠለቀ መምህር ማን ጂንግ ይገዛል? ታክ ለክብሩ የተጨነቁ መሰለው። ልጁ አንዴ ከያዘች አትለቅም እንጂ፣ ለእነሱ ብሎ ሊተወው ነበር።

መስሚያዎቹ ከባቄላ ፍሬ አይበልጡም፤ ከጆሮ ጀርባ ይቀመጣሉ። ባጠለቃቸው ቀን የገዛ ጫማውን ሰማ፣ የማቀዝቀዣውን ማጉረምረም ሰማ፣ የቦንግሱንን ረጅም ትንፋሽ ሰማ። ሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሞተው መምህሩ የሠራው ጂንግ ተሰቅሏል። መታው። ድምፁ ገና ሲረዝም መሣሪያው አንገቱን ይዞ አነቀው። ታክ ተናድዶ ጂንጁ ተመለሰ። ናሪ ሳቀችና ነገሩን አስረዳችው፤ መሣሪያው ሳይለዋወጥ የሚረዝም ድምፅ ሲሰማ የሚረብሽ ጫጫታ ይመስለዋልና ይቀንሰዋል። በኮምፒውተሯ ሌላ መንገድ አበጀችለት፤ ትንሿን ቁልፍ ሁለቴ ሲጫን መሣሪያው ምንም አይቆርጥም። ተመልሶ የመምህሩን ጂንግ ደግሞ መታው። ልቅሶው ረዘመ፣ ረዘመ፣ ሊሞት ሲል ጭራው ቀና አለ። ታክ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ይህን ድምፅ ስንት ዓመት እንዳልሰማው ሊቆጥር ሞከረ፤ አልቻለም።

በዓመቱ የመጀመሪያ ሙሉ ጨረቃ ቀን የመንደሩ ከበሮ ቡድን ከረፋዱ ጀምሮ በየቤቱ እየዞረ ግቢ ይረግጣል፤ ክፉ መንፈስ ይባረራል፣ የሩዝ ጠላ ይጠጣል። ቡድኑ የሚመታው ጂንግ የታክ ነው። በሰባኛ ዓመት ልደቱ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ስሙን ቀርጾ፣ ማንም ሳይነካው በገዛ እጁ ለቡድኑ መሪ ለሽማግሌው ኦም ያስረከበው ነው። ዕድሜ ልኬን ከሠራሁት የሚበልጠው የለም ብሎ ነበር የሰጠው። እነሆ ዛሬ በአዲስ ጆሮ ሊሰማው ነው። ቁልፏን ሁለቴ ተጭኖ ደጃፉ ላይ ቆመ።

ኦም መታው። ድምፁ ወጣ፤ እንደ ደከመው በሬም ቁጭ አለ። ጭራ የለው፣ ልቅሶ የለው። የድስት ክዳን ነበር።

ታክ ቁልፏን ደግሞ ተጫነ። ያው ነው። ቦንግሱን ጎኑ ሆና ነገሩን ከፊቱ አነበበችና፣ መሣሪያው ነው የሚያበላሸው፣ ያውልቁት አለችው። እሱ ግን የሰዎቹን ፊት ያይ ነበር። ከበሮ መቺዎቹ፣ ሕፃን ያዘሉት ሴቶች፣ ኦም፣ አንዳቸውም ፊታቸውን አላጨማደዱም። ከሱንግጎክ የበቀለ ሰው እንዲህ ያለ ጂንግ ሰምቶ ፊቱን ሳያጨማድድ አይቀርም። ያላጨማደዱት ስለለመዱት ነው። ታክ ሄዶ ዱላውን ከኦም እጅ ወሰደና ራሱ መታው። ከበሮዎቹ ቆሙ። ቦንግሱን ወደ ማድ ቤት ገባች።

እሺ፣ ይህ ክዳን ከሆነ፣ ስድስት ዓመት የተሸጡትስ? የቡሳን የሙዚቃ ቡድን መሪ መጥቶ «እንዲህ ያለ ጭራ ሰምቼ አላውቅም» ብሎ መሬት ድረስ አልሰገደለትም? ታክ ወደ ዕቃ ቤት ገባ። ገዢ የሚጠብቁ ሦስት ጂንጎች ነበሩ፤ በሦስቱም ስሙ አለ። ሕጉን ጥሶ አንድ በአንድ መታቸው። ሦስቱም አለቀሱ፤ ሦስቱም ቀና አሉ። ለአፍታ ደስ ሊለው ምንም አልቀረውም። ከዚያ ገለበጣቸው። የመዶሻው ዱካ ወደ ግራ ያዘነብላል። ሃያ አራት ዓመት ዓይኑን ሲያሳክከው የኖረ ዱካ ነው፤ እንዴት ይሳሳተዋል? በአንዱ ላይ ዱካው የስሙን የመጨረሻ ፊደል ረግጦ ጫፏን አደላድሏታል። ስሙ ቀድሞ ነበር፤ መዶሻው በኋላ መጣ።

ቻንግሆን አስጠራው። ቻንግሆ መጣ፤ የተገለበጡትን ጂንጎች አየና ተንበረከከ። ታክ አልጮኸም።

«ስንቱን?»

«ሁሉንም፣ መምህር።»

«መቼ ነው የምትመታው? እኔ ከዚህ ቤት የት እሄዳለሁ?»

የቻንግሆ ዓይን ሳያስበው ወደ በሩ ሄደ። ታክም አብሮ ዞሮ አየ። በሩ ጎን፣ ሚስማር ላይ፣ ሰማያዊው ቅርጫት ተንጠልጥሏል። ፎጣው ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ ሳሙናው ላይ ተቀምጧል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ታክም ሰምቶ ያውቃል፤ እንዲህ ያለ ባዳ ይሆናል ብሎ ግን አልጠበቀም። ስድስት ዓመት ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ «ሚስቴ ትወደኛለች» ሲል፣ እዚህ ስሙን እየቀጠቀጡት ነበር።

ቦንግሱን ሻማ እንደያዘ ሰው ቀስ ብላ ገባች። ነገሩን ሁሉ ነገረችው። በልደቱ ቀን ኦም ጂንጉን ሲመታው ሰው ሁሉ ሰምቷል። ኦም ነው «በልደቱ ቀን አብልቶን አጠጥቶን፣ ዝም እንበል» ያለው። በማግስቱ ቻንግሆ እያለቀሰ እሷ ዘንድ መጣ፤ በሚቀጥሉት ላይ እጁን እንዲያሳርፍ የፈቀደችለት እሷ ነች፤ ፍልውሃውንም ያሰበችው እሷ። ሄሪም አታውቅም፤ ብታውቅማ ክሊኒክ ባልወሰደችው።

«ድምፁን ካጡ ምን ይቀርዎታል ብዬ ነው» አለች።

«አብራችሁ ስትስቁብኝ ኖራችሁ።»

«የሳቀ የለም፣ የሄሪም አባት። አንድ ሰው እንኳ አልሳቀም።»

«ይሄ ይብሳል» አላት።

ቻንግሆ ከወለሉ ሳይነሣ፣ እጁን ይምቱኝ አለ። ታክ እጁን ሳይሆን ጂንጉን አየ። ከሁሉ የቆጠቆጠው ያን ጊዜ ነው፤ ልጁ የያዘው ልቅሶ ያማረ ነበር። የሞተው መምህር ሰምቶት ቢሆን «ስምህን ቅረጽ» ይለው ነበር። እሱ ግን ልጁን ስድስት ዓመት «ገና ነህ፣ ጆሮህ አልበሰለም» ሲለው ከርሟል፤ ልጁም «እሺ መምህር» እያለ። ቢነግሩት ኖሮ ይናደድ ነበር፤ አንድ ወር፣ ምናልባት አንድ ዓመት ያኮርፍ ነበር። ከዚያ ግን መዶሻውን ያስረክበው ነበር። ይህችን አንዲት ነገር በእጁ እንዲሰጥ አልፈቀዱለትም። ሰርቀውት ሲያበቁ አዘንንልህ አሉት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግቡን ለብቻው በላ። ጂንጎቹን እንዳይሸጡ አዘዘ። ኦም የሩዝ ጠላ ይዞ ቢመጣ ከበር መለሰው። መንደሩም እንደ ልማዱ ዝም አለ። ታክ አንድ ነሐስ አቀለጠ፤ ሲቀጠቀጥ ድምፅ የሚከላከል ትልቅ መሸፈኛ ጆሮው ላይ ደፋ፤ ሲቀዘቅዝ መሸፈኛውን አውልቆ መስሚያውን አጠለቀና ለብቻው ተቀመጠ። ድሮ በሁለት ቀን የሚጨርሰው አራት ሳምንት ፈጀ። እየመታ፣ እያዳመጠ፣ ከመምህሩ ጂንግ ጋር እያስተያየ፣ አንድ ረፋድ ጭራው ቀና ሲል የሰማ መሰለው። መሮውን አነሣ። አስቀመጠው። ጆሮው የሰባ ስድስት ዓመት ጆሮ ነው፤ ያውም በባትሪ የሚሠራ። ከመምህሩ ጂንግ ጋር ቢያስተያየውም ምኞት ራሱ ጭራ ይቀጥላል።

ቻንግሆን ጠራና መታለት። «እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው፣ መምህር።»

እነዚያው ቃላት ናቸው፤ ፊቱም ያው ፊት ነው። ስድስት ዓመት በየጂንጉ ሁሉ «ጥሩ ነው፣ መምህር» ሲለው ነው የኖረው። እውነቱን ይሁን አይሁን መለያ የለም። ቦንግሱን ከማድ ቤት ብቅ ብላ ሳትጠየቅ «ጥሩ ነው» አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ታክ ያን እንባ እንኳ አላመነውም። ከሰፈሩ ማንን ይጠይቅ? ሄሪም ጋ እንዳይደውል፣ ልጅ ለአባቷ ታዳላለች። ሁለት ቀን ጂንጉን እየዞረ አየውና በሦስተኛው ቀን ጧት በጨርቅ ጠቅልሎ፣ መሮና መዶሻውን ኪሱ ከቶ፣ ለማንም ሳይናገር አውቶቡስ ተሳፈረ።

ናሪ መስሚያው የተበላሸ መስሏት ነበር። ጨርቁን ሲፈታ ከወንበሯ ተነሥታ አየችው።

«እኔ ስለ ጂንግ ምንም አላውቅም፣ አባቴ።»

«ስለማታውቂ ነው የመጣሁት። ያን ቀን አልሰማህም ያልሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። መጨረሻው ላይ ይወርዳል ወይስ ይወጣል? ይህን ብቻ ንገሪኝ።»

በሩን ዘጋች፤ ታክ መታላት። ዓይኗን ጨፍና እስኪያልቅ ሰማች። ዱላውን ተቀብላ ራሷ መታችው፤ ደግሞ ሰማች። ታክ አፏን ያይ ነበር።

«ይወጣል» አለች። ከዚያ ግን ትንሽ አሰበችና ቅንድቧን ሰበሰበች። «ግን ትንሽ ነው፣ አባቴ። በጣም ትንሽ።»

ታክ ሳቀ። ከሙሉዋ ጨረቃ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቁ ነው። ሊያስደስት ያሰበ ሰው «ትንሽ ነው» አይጨምርማ። አመስግኗት ወጣና ተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ ጂንጉን ጉልበቱ መሃል አስገብቶ ስሙን ይቀርጽ ጀመር። ዷ፣ ዷ፣ ዷ ሲያደርግ ከሚጠባበቁት ሽማግሌዎች አንድም ዞር ያለ የለም። ሦስቱን ፊደል ጨርሶ በአውራ ጣቱ ዳበሳቸው፤ የመጨረሻዋ ጫፍ ስል ነበረች።

ቤቱ ሲደርስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነው። ቦንግሱን ከጧት ጀምራ በየጎረቤቱ ስትፈልገው ውላ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ነበር። ደረቅ ፀጉሩን አየች፣ በብብቱ የያዘውን ጥቅል አየች፣ ሚስማሩ ላይ የተንጠለጠለውን ቅርጫት አየች።

«ቀኑን ሙሉ የት ዋሉ?» አለችው።

ጫማውን አወለቀ፤ ጂንጉን ይዞ በአጠገቧ አለፈ።

«ፍልውሃ» አላት።